ፎቶው ባይኖር ኖሮ

ስለ ሎስ አንጀለስ የቺካኖ (የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን) ፓንክ ሙዚቃ ቅርስ ያወጣችሁት ጽሑፍ ደስ ይላል። ግን አስኮ የተባለውን የአርቲስቶች ቡድን በአንድ መስመር ማለፋችሁ ቅር አሰኝቶኛል። የፓንክ ባንዱ የሎስ ኢሌጋልስ ድምጻዊ ዊሊ ኤሮን እኮ የዚያ ቡድን አባል ነበር! እ.ኤ.አ. በ1972 ኤሮንን ጨምሮ ሦስቱ የአስኮ ወንዶች የሎስ አንጀለስ ካውንቲ የጥበብ ሙዚየም ቺካኖዎችን ስላገለለ ስማቸውን በስፕሬይ ቀለም ግድግዳው ላይ ጻፉ። ሙዚየሙ አስጠፋው። የተረፈን ከሦስቱ አንዱ ሃሪ ጋምቦአ ያነሳው ፎቶ ብቻ ነው። ፎቶው ላይ ከስሞቹ በላይ የቆመችው የቡድኑ ሴት አባል ፓትሲ ቫልዴዝ ናት፤ የእሷ ስም ግን ግድግዳው ላይ የለም። ይሄም መነገር አለበት። ያው ሙዚየም በ2011 ለአስኮ ትልቅ ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። ከ39 ዓመት በኋላ! በ1980 በተከፈተው የፓንክ ሙዚቃ መድረክ ቬክስ ክለብ የተጫወቱት ባንዶች ካሴትና ፖስተርስ? ብዙው በየሰው ቤት ነው ያለው። ባለቤቶቹ በሕይወት እያሉ ይቀዳ፤ ታሪኩንም ራሳቸው ይናገሩት።