ፌጦ የማይፈታው የለም

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ እንደኛ ሥነ ምግብ የገባው ሕዝብ የለም። ሌላው ዓለም ላብራቶሪ ገብቶ ሲለፋ፣ እኛ ጓዳ ገብተን ጨርሰነዋል። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ ሲባል፣ ነጭ ሽንኩርት ወዲያው ማዕረግ አገኘ። ሎሚና ዝንጅብልም ተከተሉት። ነጋዴውም ለጤናችን አስቦ ዋጋቸውን ሰቀለው፤ ውድ ካልሆነ መድኃኒት አይመስልማ!

እኔ ያኔ ሦስተኛ ዓመት ነበርኩ፤ የማጠናውም ይባስ ብሎ ሥነ ምግብ። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ለሁለት ሳምንት ነው ስለተባለ፣ ሁለት ሱሪና አንድ ደብተር ይዤ ወደ ቤት ገባሁ። ፍራሼ፣ መጽሐፎቼ፣ አንድ እግር አዲስ ጫማዬ (ሌላኛውን የት እንዳደረግኩት እስካሁን አላውቅም) ዶርም ውስጥ ቀሩ። ሁለት ሳምንቱ ወራት ሆነ፣ ዶርማችን የኮሮና ለይቶ ማቆያ ሆኗል ተባለ፣ እኔ ደግሞ እንቅልፍ አጣሁ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ካምፓስ ዲግሪ ከመስጠቱ በፊት ጨጓራ ይሰጣል። መንግሥት ለአንድ ተማሪ በቀን 15 ብር መድቦ ቁርስ፣ ምሳና እራት ያበላ ነበር፤ ይህን ተአምር እንኳን የሒሳብ መምህር ቅዱሳንም አይደግሙትም። እኛም አናንስም። ቀን «የተመጣጠነ ምግብ ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ሙሉ ማርክ እናገኝና፣ ማታ በር ላይ ተሰልፈን ድንች በበርበሬ የታጨቀበት እርጥብ የሚባል ዳቦ እንገምጣለን። እውቀት ለፈተና ነው፤ ሆድ ሌላ ዲፓርትመንት ነው።

ታዲያ ይህን የቆሰለ ጨጓራ ይዤ ስመጣ፣ እማዬ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ ውስጥ የተበጠበጠ ፌጦ፣ ከላይ ማር። ማሩ ለይስሙላ ነው። አቃጠለኝ ስላት፣ «እሰይ፣ እየሠራ ነው!» ትላለች። ሎሚውን በፈላ ውሃ ስታዘጋጅ ቫይታሚን ሲ ሙቀት እንደማይወድ ባስረዳት፣ አየችኝ፣ አየችኝና «ለዚህ ነው ሦስት ዓመት ያስተማርንህ?» አለችኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ነጭ ሽንኩርት ጥሩ ምግብ ቢሆንም ከኮሮና ለመከላከሉ ማስረጃ የለም ማለቱን ለጎረቤታችን ለእትዬ ነገርኳቸው። አዘኑላቸው። «ምን ያድርጉ ልጄ፣ ፌጦ በአገራቸው የላቸውም» አሉ። ለጥንቃቄ ሲሉ በራቸው ላይም ጤና አዳም ሰቅለው ነበር።

የጭንቀቱ ሕክምና ግን ከሁሉ ይበልጣል። ሌሊት 9 ሰዓት ቴሌግራም ላይ ተጥጄ «ካምፓስ ሊከፈት ነው» የሚል ማኅተም ያለው ደብዳቤ አነባለሁ፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ «ሐሰት ነው» የሚል ሌላ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይመጣል። እማዬ መብራቱን አይታ ትገባለች።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ጨነቀኝ እማዬ። ባቹ ተበተነ፣ መቼ እንደምመረቅ አላውቅም...»

«እራት ሳትጨርስ ተኝተህ ነዋ!»

አያችሁ? ወራት የፈጀ ጭንቀት በአራት ቃል ተመረመረ፣ ቀጠሮ የለ፣ ካርድ የለ። በዚያ ሰዓት ፍርፍር ይቀርባል። ጾም ስለነበር እንቁላል የለም፣ ቅቤ የለም፣ ግን በርበሬው የሁለት ሰው ነው። የተጨነቀ ሰው ደግሞ ሳይርበው ይበላል፤ ይህን በመጽሐፍ አንብቤዋለሁ፣ በዚያ ሌሊት ደግሞ በእንጀራ አረጋገጥኩት። ጨርሼ እተኛለሁ፣ ጨጓራዬ ይነሳል፣ እሱ ሲነሳ እኔም እነሳለሁ፣ ደብዳቤዎቹን እንደገና አነባለሁ። ጠዋት ፌጦ።

በመጨረሻ ካምፓስ ተከፈተ። ያለፈውን ሴሚስተር በጥቂት ሳምንት አጭቀው ይግቱን ጀመር፤ ያ ደግሞ ሌላ ፌጦ ነው። አንድ ማታ ችከላው ሲመረኝ ደወልኩላት። ያኔ ስልክ ሲደወል መጀመሪያ እጃችሁን ታጠቡ የሚል ድምፅ ነበር፤ እሱን ጨርሼ «እማዬ፣ ፈተናው አስጨንቆኛል» አልኳት።

ዝም አለች። የምታጽናናኝ መስሎኝ ነበር።

«ፌጦውን ጨረስከው እንዴ?»

ሎከሬን ከፈትኩ። ማሰሮው እንደታሸገ ነው። ላሳዝናት ስላልፈለግኩ ጨርሻለሁ አልኳት።

ሰኞ ዕለት ግማሽ ኪሎ በሰው ላከችልኝ።