ፍላሽን እንዲህ ያደርጉት?

ኧረ እኔስ አንጀቴ አርሯል! ዘ ፍላሽ የሚባለው ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲጀምር እኮ ሌላ ነገር ነበር። የመጀመሪያው ሲዝን መጨረሻ ላይ ፍላሽ የተባለው ፈጣኑ ጀግና ባሪ በጊዜ ወደ ኋላ ተጉዞ እናቱ ወደተገደለችበት ሌሊት ተመልሶ፣ ሊያድናት እየቻለ ትቶ፣ መጨረሻ ላይ ገብቶ ሲሰናበታት ያላለቀሰ ማን አለ? ከዚያስ? በሁለተኛው ሲዝን ጠላቱ እንደ እሱ ፈጣን ሯጭ፣ በሦስተኛውም ሯጭ። እሺ ይሁን፣ የሦስተኛውን ሲዝን ጠላት ሳቪታርንም ችለነዋል። በኋላ ግን ነገሩ ሁሉ ወሬ ሆነ። ከተማዋ ልትጠፋ ነው እየተባለ ሰውዬው ኮሪደር ላይ ቆሞ ምክር ይሰማል! የዓለም ፈጣኑ ሰው አይደለህ እንዴ፣ ሩጥ እንጂ! ደግሞ ያቃተው ነገር ሁሉ "በራስህ እመን" ሲሉት ወዲያው ይሳካለታል (ሳይንስ የሚባለውን ነገር እርሱት)። እንዲህ እያሉ እስከ ዘጠነኛው ሲዝን፣ እስከ 2023 ድረስ ጎተቱት። በክብር በጊዜ ቢያቆሙት ምን ነበረበት?