ደቻቱ ዳር ለቆመው ቢልቦርድ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ደቻቱ ወንዝ ዳር ለቆመው ቢልቦርድ
ድሬዳዋ
ጉዳዩ፦ ቅሬታ ስለማቅረብ

በደብዳቤ ወግ «እርስዎ» ብዬ ልጀምር ነበር። ግን የድሬ ልጅ አንቱታ እንደማይሆንለት አገር ያውቃል። ሽማግሌውንም ሹሙንም «አንተ» እያልን አድገን ለብረትና ለላስቲክ አንቱ ብንል ሰፈር ይስቅብናል። ስለዚህ አንተ፣ አቦ፣ ስማኝ።

የቆምክበት ቦታ የእግረኛ መንገድ ነበር። ከከዚራ ወደ መጋላ የሚሻገር ሰው አሁን አንተ ጋ ሲደርስ ወደ አስፋልቱ ይወርዳል፤ አስፋልቱ ላይ ባጃጅ አለ፤ ባጃጁ ደግሞ አንተ ስለከለልከው የሚመጣውን አያይም። ማታ ነፋስ ሲነሳ ላስቲክህ እየተርገበገበ ሰፈሩን ያስነቃል። ይሁን፣ ይህንንስ ለምደነዋል። ያናደደኝ ሥዕልህ ነው።

«የወንዝ ዳር የምርምር ፓርክ» ይላል ግንባርህ፤ ከሥሩ ደቻቱ ሰማያዊ ሆኖ ይፈስሳል። ወንድሜ፣ ደቻቱ ሁለት መልክ ብቻ ነው ያለው፤ አሸዋ ወይም ደራሽ። አሸዋ ሲሆን እናቋርጠዋለን፣ ኳስ እንጫወትበታለን፣ በገልባጭ ጭነን እንሸጠዋለን። ደራሽ ሲሆን እንሸሸዋለን። ሰማያዊውን ከየት አመጣኸው? በወንዙ ዳር የምትንሸራሸረው ሴትዮ ደግሞ ካፖርት ለብሳ አንገቷ ላይ ሹራብ ጠምጥማለች። በድሬ ሙቀት! አጠገቧ ያለው ሰውዬ ታብሌቱ ላይ አቀርቅሯል። ሽርጥ ያገለደመ የለም፣ ፍየል የለም፣ ባጃጅ የለም፣ ጉንጩን የነፋ አንድ ሰው እንኳ የለም። የዛፎቹ ቅጠል ቀይ ነው፤ ኒሞቻችን የት ሄዱ? የማን ከተማ እንደሆነ ብትነግረኝ ክረምቱን እዚያ ባሳልፍ ደስ ይለኛል።

አንተን ያቆሙት ሰዎች ሰሞኑን አዳራሽ ገብተው ተከራከሩ አሉ። ግማሹ የፓርኩ ሕንፃ ፊቱን ወደ ወንዙ ያዙር ይላል፣ ለእይታ። ግማሹ ወደ መንገዱ ይዙር ይላል፣ ለእንግዳ። አንዱ ካፌው ከወንዙ በላይ ተንጠልጥሎ ይሠራ ብሎ ተጨበጨበለት። የመኪና ማቆሚያው ነገር ከሻይ በፊት ተነሥቶ ከሻይ በኋላም አላለቀም። ደቻቱ በምን ሰዓት፣ ምን ያህል ሆኖ ይመጣል ብሎ የጠየቀ ግን የለም።

ደቻቱ እንዴት እንደሚመጣ ድሬ ታውቃለች። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ማብቂያ፣ ሌሊት፣ ሰው በተኛበት መጥቶ ከ200 በላይ ነፍስ ይዞ ሄደ። እዚህ ሰማዩን አይቶ መተኛት አይቻልም፤ ዝናቡ የሚጥለው እኛ ላይ አይደለማ። ደንገጎ ተራራና ከጀርባው ያለው ደጋ ላይ ይጥላል፣ በገደሉ ይንደረደራል፣ እኛ ጋ ጠብ ሳይል ደራሹ ከተማ ይገባል። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ግራና ቀኝ ግንብ ተሠርቷል፣ እሰየው። ግንቡ ግን ውሃ እንዲያሳልፍ እንጂ ማኪያቶ እንዲሸከም አልተሠራም።

ምርምር የጠላሁ እንዳይመስልህ። ይምጣ! ግን ከወንዙ ይጀምር። ደንገጎ ላይ ዝናብ የሚለካ ነገር ተተክሎ ደራሹ ከዚያ ተነሥቶ እኛ ጋ እስኪደርስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ይታወቅና እናት ልጆቿን ከአልጋ የምታነሳበት ፋታ ታግኝ። አሸዋው በገልባጭ በወጣ ቁጥር የግንቡ እግር ምን ያህል እንደሚራቆት አንድ ሰው ሜትር ይዞ ይለካ። ከተማዋ የምትጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነው፤ ያ ሁሉ ጎርፍ በረሃ ወርዶ ከሚቀር ምን ያህሉን ወደ መሬት ማስረግ እንደሚቻል ይጠና። ለዚህ የመስታወት ሕንፃ ምን ይሠራል? ለጊዜው ቦት ጫማና አካፋ ይበቃል። ሕንፃውንም ከወንዙ ርቆ፣ ከፍ ካለ ቦታ ይሥሩት፤ ድሬ እንደሆነ ሜዳ አልቸገራት።

ደግሞ ውሃ ዳር መቀመጥ ለውሃው ምን ጠቀመው? ሽቅብ ወጥተህ ሐረማያን ጠይቅ። ሐይቁ ዩኒቨርሲቲው ጎረቤቱ ሆኖ፣ ምሁራኑ እያዩት፣ እየጻፉበት ደርቆ ከብት ዋለበት። ጥናት ጠፍቶ አይደለም፤ ጥናቱን ውሃውን የሚስቡት ፓምፖች አላነበቡትም። ከሐይቁ ስትጠጣ የኖረችው ሐረርም ቧንቧዋን ወደ ድሬ ቆላ ለመዘርጋት ተገደደች። በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሷል፣ ተመስገን፤ ዳሩ ላይ ቢልቦርድ ስለተተከለ ግን አይመስለኝም።

አንድ ነገር አልክድህም። ከሰዓት በኋላ፣ ከተማው ሁሉ በር ዘግቶ ሲያንጎላጅ፣ ደህና ጥላ ትጥላለህ። ጫት ሻጯ ከእግርህ ሥር ማዳበሪያዋን አንጥፋ ትቀመጣለች፤ ውሃ የያዘ ጆጎዋን ቡሎንህ ላይ ሰቅላለች። በየመሃሉ ታወርደውና እርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለው ጫት ላይ ትረጫለች። ፍየሎቹ ያንን ጠብታ ፍለጋ ይመጣሉ፣ እሷ በነጠላ ጫማዋ ታባርራቸዋለች፣ ዞረው በካፖርቷ ሴትዮ በኩል ይመለሳሉ። ከፓርኩ እስካሁን ተጠናቆ ለአገልግሎት የበቃው ይህ ጥላ ነው፤ የምረቃ ሪባን ቢቆረጥለት አልቃወምም።

እንግዲህ ክረምቱ ሳይገባ አለቆችህን አስፈቅደህ ከእግረኛው መንገድ ላይ ዞር በል። መሄጃ አጣሁ ካልክ ያ ካፌ ይንጠልጠልበት የተባለው ቦታ ባዶ ነው፤ እዚያ ቁምና ሐምሌን ሞክረው።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የከዚራ እግረኛ

ግልባጭ፦
ለጫት ሻጯ (ጆጎው የተሰቀለበትን ቡሎን ስለሚመለከት)
ለደንገጎ ደመና (ከመውረዱ በፊት እንዲያስታውቀን)