ኧረ ባዶ ቦታውን ተዉት!

የባነርና የታፔላ ነገር አንገብግቦኛል። ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም ያው ነው። ቢጫ ፊደል ነጭ ላይ። ቀይ ፊደል አረንጓዴ ላይ። ዙሪያውን ጠርዝ፣ ከሥሩ ጥላ፣ ከጀርባው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ። በባጃጅ የሚያልፍ ሰው ይህን መቼ አንብቦ ስልክ ቁጥሩን ሊይዝ ነው?

ፊደላችን እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ የለውም። ዋናውን ከተራው የምንለየው በመጠን፣ በውፍረት፣ በቀለምና በክፍት ቦታ ነው። ሁሉም ከወፈረ የቱ ነው ዋናው? ደግሞ «ቡ»ን ከ«ቢ» የምትለየው አንዲት ጭረት ናት፤ በአንዱ ወገቡ ላይ፣ በሌላው እግሩ ሥር። ጠርዝና ጥላ ሲደራረብበት ያቺ ጭረት ትዋጣለች። ከዚያ ግምት ነው እንጂ ንባብ አይደለም።

ከሁሉ ያንገበገበኝ የአክስቴ የሙት ዓመት ባነር ነው። የሰጠነው ጉርድ ፎቶ ነበር፣ ቦታው ደግሞ ሰፊ። ባነሩን የሠራው ልጅ ፎቶውን በጎን ይዞ ለጠጠው። የአክስቴ ፊት የሌላ ሰው ፊት ሆነ። ልጆቿ ምንም አላሉም፤ ግን ቀና ብለው ሊያዩት አልቻሉም። በጥጉ ይዞ መሳብ፣ የተረፈውን ባዶ መተው፣ በቃ ይኸው ነበር። ለምን ብዬ ብጠይቀው «በካሬ ከፍዬ ለምን ባዶ ይቀራል ይሉኛል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ደንበኛውም እንዲህ ይላል።

ይህን የምንለው ደግሞ እኛ ጎጃሞች ነን! ዘጌ ተሻግራችሁ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ግድግዳ እዩ። በጥንቱ ሥዕል ጻድቁ ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ክፉው በጎን፣ በአንድ ዓይን። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ማን ማን እንደሆነ ይለያል። የብራና ጸሐፊውስ? ብዕር ከማንሳቱ በፊት ብራናውን ወግቶ ያሰምራል። ኅዳግ ይተዋል፤ ዳር ዳሩን ባዶ ማለት ነው። ጽሑፉን በጥቁር፣ የቅዱሳኑን ስም በቀይ ይጽፋል። ቀዩ ዓይን የሚይዘው ጥቂት ስለሆነ ነው። ብራና ማለት እኮ ስንት ተደክሞበት፣ ተወጥሮና ተፍቆ የሚገኝ ቆዳ ነው። በዚያ ላይ ኅዳግ የተወ ሰው አገር ልጆች ሆነን ለአንድ ካሬ ፕላስቲክ እንሰስታለን?

ደንበኞች፣ እባካችሁ «ሙላልኝ» አትበሉ። መጀመሪያ እንዲታይ የምትፈልጉትን አንድ ነገር ብቻ ንገሩት። ዲዛይነሮች፣ እናንተም ከማተማችሁ በፊት ሥራውን ስክሪኑ ላይ አሳንሳችሁ ከበሩ ጋ ቆማችሁ እዩት። ስሙና ስልኩ ካልተነበበ ጥላውን አንሱ፣ ጠርዙን አንሱ፣ ፏፏቴውንም አንሱት። የሟች ፎቶ ከሆነማ ቤተሰቡ ሳያየው ማሽኑን አታስነሱ።