ወንበር ማዞር ሒሳብ አያስተምርም

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ውጤት በወጣ ቁጥር «የድሮው የማስተማር ዘዴ ይሻል ነበር» የሚል አይጠፋም። በተለይ ሒሳብ ላይ።

የ1986ቱ ፖሊሲ ያመጣው ተማሪ ተኮር ዘዴ በሐሳብ ደረጃ ምንም እንከን አይወጣለትም። ልጁ ይሞክር፣ ይጠይቅ፣ ይከራከር ነው የሚለው። ክፍል ሲደርስ ግን ወንበር ለቡድን ሥራ ዞረ፣ አንድ ለአምስት ተባለ፣ ጎበዙ ሠራ፣ ሌሎቹ ገለበጡ። ማርኩ የጋራ! በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ፕላዝማ መጣ። ተማሪ ተኮር እየተባለ፣ እጅ አውጥተው የማይጠይቁት ቴሌቪዥን አስተማሪ ሆነ። «ይህን ሥሩ» ይል ነበር፤ እርሳስ ሳይነሳ መልሱን ተናግሮ ያልፍ ነበር።

የድሮው ናፋቂዎች ግማሽ እውነት አላቸው። የማባዣ ሰንጠረዥ በቃል መያዝ አለበት። ሰባት ጊዜ ስምንትን በጣቱ የሚቆጥር ልጅ አልጀብራ ላይ ሲደርስ ሐሳቡ ማባዛቱ ላይ ያልቃል።

ሽምደዳ ብቻውን ግን የት ያደርሳል? ግማሽ ሲደመር አንድ ሦስተኛ ስንት ነው በሉ። ብዙ ልጅ ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምሮ «ሁለት አምስተኛ» ይላል። የድሮው መምህር ኤክስ ያደርግበትና ሕጉን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ልጁ ሸምድዶ ይፈተናል፤ በዓመቱ ያው ሁለት አምስተኛ።

ጎበዝ መምህር ግን መጀመሪያ ይጠይቃል። «ሁለት አምስተኛ ከግማሽ ይበልጣል ያንሳል?» ያንሳል። «ታዲያ ግማሽ ላይ ጨምረህበት እንዴት አነሰ?» ክፍሉ ይንጫጫል። ሕጉ ያኔ ቢመጣ ሰሚ አለው። ይህ ስልሳ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል፣ በአንድ ጠመኔም ይሆናል። ጃፓኖች በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻቸው የሚታወቁት በዚሁ ነው። አንድ ጥያቄ ይሰጣል፣ ልጆቹ ይታገሉታል፣ የተሳሳተውም ሙከራ ሰሌዳ ላይ ይወጣል፤ መጨረሻ ላይ መምህሩ ያጠቃልላል። ይህን ተማሪ ተኮር ይበሉት መምህር ተኮር፣ ለእኔ ግድ የለኝም።

የእኛ ሱፐርቫይዘርም ቡድን ከሚቆጥር አንዱን ልጅ «እንዴት አገኘኸው?» ቢለው ይሻላል። መምህሩም ጊዜ ይሰጠው። «መጽሐፉን ጨርስ» እየተባለ የሚዋከብ ሰው አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ አንድ ጥያቄ ላይ ለመቆየት አይደፍርም።