«ማን ከፍሎህ ነው?»

የድሬ ልጆች፣ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። አዝኜም ነው። ሦስት ሳምንት ሊሞላው ነው፤ እስካሁን አልበረደልኝም።

ቅዳሜ ነበር። ከዚራ፣ ዛፎቹ ሥር። ፀሐዩ በረድ ብሎ ሰው ለሻይና ለማኪያቶ የሚወጣበት ሰዓት። ያ ካርቱን የሚስለው ልጅ አንዲት የፕላስቲክ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ሥዕሎቹን ደርድሮ ቆሟል። ስሙን አልጠራም። ሥዕሎቹ በየስልካችሁ አሉ። ነፋስ እንዳይወስዳቸው በየወረቀቱ ጥግ ጠጠር አስቀምጧል። አንዱ 50 ብር።

እኔ ካፌ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ሰው ይመጣል። ይስቃል። ጓደኛውን ይጠራል። «እየው እስቲ አቦ!» ይላል። ከዚያ ስልኩን ያወጣል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይሄዳል። ቆጠርኩ። አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ፎቶ ያነሳው ከ30 ሰው በላይ ነው። የገዛው ሦስት። አንዷ ተማሪ ነበረች፤ የተጨማደዱ አሥር አሥር ብሮች ከቦርሳዋ ለቃቅማ ነው የከፈለችው።

መሃል ላይ ያለው ሥዕል የወንዛችን የደቻቱ ነበር። አይታችሁታል። ደቻቱ እንደ ትልቅ ሰው አሸዋው ላይ ተጋድሞ ተኝቷል። ደረቱ ላይ ቤት ይሠራበታል። እግሩ ሥር ቆሻሻ ይደፋበታል። ማህተም የያዘ አንድ ሰው ራስጌው ቁጭ ብሎ ብርድ ልብስ ያለብሰዋል። ከላይ አንድ ቃል ብቻ ተጽፏል፦ «እሹሩሩ»። የማንም ፊት የለበትም። የማንም ስም የለበትም።

ይህን ሥዕል ለድሬ ሰው ማስረዳት ነበረብን? ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም.። ጎርፉ የወሰደው ከ250 በላይ ሰው። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ እናቋርጠዋለን፣ እንነግድበታለን፣ እንረሳዋለን። ዝናቡ ግን ከላይ ከደጋው ነው የሚመጣው። ያን ሌሊት ውሃው ሲደርስ ሰው እንቅልፍ ላይ ነበር። ልጁ የሳለው ይህንን ነው። እሱም ያን ሌሊት ሰው አጥቷል።

አንድ ሰው መጣ። ፀጉሩ የሸበተ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ትልቅ ሰው። ሥዕሉን ቆሞ አየው። ቆየት ብሎ «ማን ከፍሎህ ነው የከተማችንን ስም የምታጠፋው?» አለው።

ልጁ በትሕትና መለሰ። «ማንም አልከፈለኝም ጋሼ። ለዚሁ ነው ወጥቼ የምሸጠው።»

ሰውየው ጠረጴዛውን ገለበጠው። ጠጠሮቹ አስፋልቱ ላይ ሲንከባለሉ የሰማሁት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ወረቀቶቹ ተበተኑ። የደቻቱን አንስቶ ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት ቀደደው። አንድ ባጃጅ ሌላውን ሥዕል ረግጦት አለፈ።

እናንተስ? ስልክ አወጣችሁ። ቀረጻችሁ። ከኋላዬ አንዱ «ይሄ ልጅ እኮ ከጀርባው የሆነ አካል አለ» አለ። ዞር ብዬ አየሁት። ጠዋት የዚያኑ ልጅ ሥዕል በቴሌግራም የላከልኝ ሰው ነው! ጎንበስ ያለ የለም። ልጁ ብቻውን ተንበርክኮ ወረቀቱን ለቀመ። በኋላ ያቺ ተማሪ ከሩቅ አይታ ተመልሳ መጣችና አብራው ለቀመች።

እኔ? ማኪያቶዬን ጨረስኩ።

ሥዕሉን አትውደዱት። ተከራከሩት። «ተሳስተሃል» በሉት። ይህ መብታችሁ ነው። ግን «ማን ከፈለህ» ምን ማለት ነው? ስለ ነጋዴ ሲስል ባለሥልጣን ከፍሎት ነው እንላለን። ስለ ባለሥልጣን ሲስል ነጋዴ ከፍሎት ነው እንላለን። ማንም እንደማይከፍለው ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም። እኛ ራሳችን ከፍለነው አናውቅማ!

ልጁ የሚኖረው በታፔላ ነው። የሱቅ ታፔላ፣ የባጃጅ ጽሑፍ፣ የሠርግ ካርድ፣ ለሙት ዓመት የሚሰቀል ፎቶ። እኔ ትንሽ የባነር ማተሚያ ሱቅ አለኝ፤ ዲዛይን ይሠራልኝ ነበር። ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት። አብሬው ስውል አንድ ነገር አይቻለሁ። ለእንጀራ የሚሠራው ላይ አይፈርምም። የፈለገ ቢያምር አይፈርምም። ካርቱኑ ላይ ግን ታች ቀኝ ጥጉ ላይ ስሙን በደቃቅ ፊደል ይጽፍና ከሥሩ አጭር መስመር ያሰምራል። እኛ ሥዕሉን ስንለጥፍ ቆርጠን የምናወጣው ያቺን ጥግ ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሠዓሊን ሥራ ይጠብቃል፣ ስሙ ሥራው ላይ እንዲቀመጥም መብት ይሰጠዋል። አዋጁ ቢቀር እንኳ የሰው ስም ቆርጦ መጣል ነውር እንደሆነ ከቤታችን ተምረናል።

ዓምና አንድ ነጋዴ ሱቄ መጣ። ተፎካካሪውን የሚያዋርድ ካርቱን እንዲስልለት ፈለገ። ያቀረበለት ገንዘብ ለሦስት ወር የቤት ኪራይ ይበቃል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ታፔላ ከፈለጉ እሠራለሁ፤ ይሄን ግን አልችልም» አለው። ነጋዴው ሲወጣ የልጁ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። የዚያን ወር ኪራይ ገና አልከፈለም፤ አከራዩ ጠዋት ደውለውበታል። የምታሙት ይህንን ልጅ ነው።

አሁን የራሴን ልናገር። ቁጣዬ ወደ እናንተ ብቻ ከሆነ ውሸት ይሆንብኛል።

ሰኞ ጠዋት ስልክ ተደወለልኝ። ብዙ ባነር የሚያዝዙኝ ደንበኛ ናቸው። «ያ ሠዓሊ እናንተ ጋ ነው እንዴ የሚሠራው?» አሉኝ። «ኧረ አይደለም» አልኩ። ወዲያው። ሳላስብ። አራት ዓመት አብሮኝ የሠራ ልጅ ነው። ከሰዓት ሲመጣ «ነገሩ እስኪበርድ ትንሽ አረፍ በል» አልኩት። «እሺ ጋሼ» አለ። ፍላሹን ከኮምፒውተሩ ነቀለ፤ ያልጨረሰውን የሠርግ ካርድ የት እንዳስቀመጠው አሳየኝ፤ ወጣ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያ ሰውዬ የገለበጠው የፕላስቲክ ጠረጴዛ ነው። የልጆቹን ገበታ የነካሁት እኔ ነኝ።

ሌሊት ሌሊት ይህ ነው የሚቀሰቅሰኝ። ማንም አላስፈራራኝም። ደንበኛው «አባርረው» አላሉኝም። ገና ሳይሉኝ ነው የቀደምኳቸው።

እ.ኤ.አ. በ2011 ደማስቆ ውስጥ ዓሊ ፈርዛት የሚባለውን ሶሪያዊ ካርቱኒስት ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች ይዘው እጁን ሰበሩት። እንዲህ ያለ ነገር ስንሰማ እንደነግጣለን። እዚህ የልጁን እጅ የሰበረ የለም። ግን ሥራ ከልክለነው እጁ ምን ይሠራል? ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 29 ላይ ሐሳብን በሥነ ጥበብ መልክ መግለጽ መብት ነው ይላል። የቤት ኪራዩን ግን አንቀጹ አይከፍልለትም። እሱ የኛ ነበር።

ድሬ ሰው አይገፋም ስንል ነው ያደግነው። ባቡሩ ከየአገሩ ያመጣውን ሁሉ አቅፎ የኖረ ከተማ ነው። የራሱን ልጅ አስፋልት ላይ ተንበርክኮ ወረቀት ሲለቅም ቆሞ የሚቀርጽ ከተማ መቼ ሆነ? ይህን ስጽፍ እንባዬ ይመጣል።

ባለፈው ሐሙስ ገንደ ቆሬ ቤቱ ሄድኩ። ትንሿ ልጁ ናት የከፈተችልኝ። የተቀደደውን ደቻቱ አራቱን ቁራጭ መሬት ላይ ገጥሞ በስኮች ያያይዛል። ይቅርታ ጠየቅኩት። «ተወው ጋሼ፣ ሻይ ጠጣ» አለኝ። ወደ ሥራ እንዲመለስ ለመንኩት። «ላስብበት» አለ። እውነቱን ነው፤ ያስብበት። የተጠገነውን አልሸጥም አለ፤ ሌላ ቅጂ ሰጠኝ። 200 ብር ሰጥቼ መልሱን ያዘው ብለው እምቢ አለ። ጎረቤት ድረስ ሄዶ ዘርዝሮ 150 ብሬን መለሰልኝ።

ሥዕሉን ሱቄ ውስጥ፣ ደንበኛ የሚቆምበት ፊት ለፊት ሰቅዬዋለሁ። ፊርማው እንዳለ ነው። እኒያ ደንበኛ በዚህ ሳምንት አልደወሉም። ላይደውሉም ይችላሉ።

ልጁ ቅዳሜ እንደገና ሊወጣ ያስባል። ሚስቱ አልፈለገችም፤ አልፈርድባትም። ከወጣ እዚያው ዛፉ ሥር ነው፣ ከ10 ሰዓት በኋላ። የድሮው ጠረጴዛ አንድ እግሩ ተሰብሯል። እኔ ከሱቄ ትልቁን የእንጨት ጠረጴዛ አመጣለሁ። ለአንድ ሰው ይከብዳል፤ ሌላውን ጫፍ የሚይዝልኝ ሰው ካለ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ሱቁ በር ላይ ነኝ።