መንግሥት አስቦ ያወጣው አስቦ

እንግሊዞችን ለምን እንደማደንቅ ልንገራችሁ። ሌላው ሕዝብ ጎረምሳ ሰፈር ሲረብሽ ወይም ጎረቤት ሬዲዮውን እስከ ጥግ ሲከፍት «ኧረ ተው!» ይላል። ካልሆነ ይቆጣል፤ ካልሆነ ሽማግሌ ይልካል። እንግሊዝ ግን ወረቀት አላት።

የቶኒ ብሌር መንግሥት በ1998 (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) አንድ ሕግ አወጣ። ከሕጉ የተወለደው የፀረ ማኅበራዊ ባህርይ ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃሉ ሲጠራ «አስቦ» ይባላል። በእኛ ፊደል ሲጻፍ መንግሥት ቁጭ ብሎ፣ አስቦ አስቦ ያመጣው ይመስላል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ? የዚህኛው መልአክ ግን ቀልደኛ ነበር።

አሠራሩን እዩልኝማ። የምታደርገው ነገር ወንጀል ባይሆንም ግድ የለም። ሰው ካስቸገረ ፍርድ ቤት «ሁለተኛ እንዳትደግማት» ብሎ ቢያንስ ለ2 ዓመት ይከለክልሃል። «ከሰው ሰምቻለሁ» የሚል ምስክርም ይቀበላል። ከደገምካት እስከ 5 ዓመት ትታሰራለህ። ነገርየው ወንጀል አይደለም፤ መድገሙ ግን ወንጀል ነው። ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ የተሰፋ ወንጀል! ልብስ ሰፊ እንኳ እንዲህ አይለካም።

የእኔ ተወዳጅ የ2003ቱ ነው። ትእዛዙ የወጣባቸው የ87 ዓመት አዛውንት ነበሩ። ከተከለከሉት ነገሮች አንዱ ጎረቤቶቻቸውን ማሽሟጠጥ ነው። አዎ፣ ሽሙጥ።

እስቲ ይህን የሚያስከብረውን ፖሊስ አስቡት። አዛውንቱ በራቸው ላይ ቆመው ጎረቤታቸውን «አቤት ሣርህ ሲያምር!» ይሉታል። ፖሊሱ ደብተሩን ያወጣል። ሣሩን ያያል፤ ደርቋል። አዛውንቱን ያያል፤ ፈገግ ብለዋል። ግን ዓይናቸው ደክሞ ቢሆንስ? ከልባቸው ቢሆንስ? ምን ብሎ ይጻፍ? ሰምና ወርቅ እየሰማን ያደግን ሰዎች እዚያ ተወልደን ቢሆን ዕድሜ ልክ ነበር የሚፈረድብን። ይህችን ጽሑፍማ ባላነሳት ይሻላል።

ወደ ስፖርቱ ስንመጣ አድናቆቴ ይብሳል። በ1985 የቼልሲው ሊቀመንበር ኬን ቤትስ ደጋፊ ሜዳ እንዳይገባ ብሎ አጥሩ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ዘረጋ። ሰውየው የወተት ላሞችም ነበሩት፤ ዘዴው ከየት እንደመጣ አይጠፋችሁም። የታላቋ ለንደን ምክር ቤት ከለከለውና ሽቦው አንድም ቀን ሳይበራ ቀረ። መንግሥት ለምን ሽቦ ያስፈልገዋል? ሕግ አለው። በዚያው ዓመት ሜዳው እየታየህ መጠጣት ተከለከለ፤ ያውም እግር ኳስ ላይ ብቻ። ክሪኬት የሚያየው ሰው ቢራውን ይዞ ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል። ራግቢም እንዲሁ። ቢራው ያው ቢራ ነው፤ የት እንደተቀዳ ግን ያውቃል ማለት ነው።

ውጤቱን ለማየት እረፍት ሰዓት ላይ ከመቀመጫው ሥር ወዳለው፣ ሜዳው ስለማይታይ ቢራ ወደሚሸጥበት መተላለፊያ ውረዱ። ያላችሁ 15 ደቂቃ ነው። ከዚህ ላይ አሥሩን ሰልፍ ይበላዋል። በቀረችው ሰዓት ሰዉ ግድግዳ ተደግፎ፣ ቀና ብሎ፣ ቢራዋን በአንድ ትንፋሽ ይጨልጣታል። ከዚያ አፉን በእጅጌው እየጠረገ ደረጃውን ይሮጣል። ቀስ ብሎ የሚጠጣውን ሰው መጨለጥ ያስተማረ ሕግ ነው።

የ1991ዱ ሕግ ደግሞ በዘር የሚሳደብ ዝማሬን ከለከለ። ጥሩ አደረገ። ብቻ ዝማሬ ማለት ቢያንስ ከአንድ ሰው ጋር ሆኖ ነው ተብሎ ተተረጎመ። ብቻውን ቆሞ የተሳደበ አልዘመረም። ይህ እስኪስተካከል 1999 ደረሰ። ብቸኝነትን የሚሸልም የፀረ ማኅበራዊነት ሕግ ሌላ የት ይገኛል?

አንዱን ግን ማድነቅ ያቅተኛል። ሚያዝያ 1989 ሂልስቦሮ ስታዲየም በተፈጠረው መተፋፈን 97 ሰው አለቀ። ፖሊስ ሕዝቡን መምራት አቅቶት፣ ሰዉ በአጥር ተከቦ መውጫ አጣ። በዚያው ዓመት የወጣው የመንግሥት ሕግ ግን መፍትሔው ተመልካች ሁሉ መታወቂያ መያዙ ነው አለ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ። በ1990 አደጋውን ያጣሩት ዳኛ ሎርድ ቴይለር መታወቂያውን አልተቀበሉትም። ሰው መቀመጫ ይኑረው፣ ስታዲየሙ ይስተካከል አሉ። አጥሩም ወረደ። ሰውን እንደ ሰው ማስቀመጥ የሚባል ነገር ነው፤ ወጪ ስላለው እንደ ወረቀት ቶሎ አያልቅም።

ወደ ሰፈር ልመለስ። እስከ 2013 መጨረሻ ከ24 ሺህ በላይ አስቦ ተሰጠ። 58 ከመቶው ቢያንስ አንዴ ተጣሰ። አንዳንድ ጎረምሳማ እንደ ሜዳልያ ቆጥሮት ይኩራራበት ጀመር። እና መንግሥት ምን አደረገ? ስሙን ቀየረ። በ2014 አስቦ ቀርቶ ሌሎች ትእዛዞች መጡ። አንደኛው ለየከተማው ምክር ቤት በአደባባይ የሚያስቸግረውን ነገር ሁሉ የመከልከል ሥልጣን ሰጠ። ሳልፎርድ የተባለች ከተማ ወደቡ አካባቢ መሳደብን ከለከለች። የትኛው ቃል ስድብ እንደሆነ የሚለየው ማን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ያ ደብተር ያለው ፖሊስ ይሆናል።

ብሌር በ2006 «መከባበር» የሚል ዘመቻ ነበረው። በ2024 መጨረሻ ላይ ደግሞ የስታርመር መንግሥት አዲስ ትእዛዝ አመጣለሁ አለ። ፍርድ ቤት ይከለክልሃል፤ ከጣስክ እስከ 2 ዓመት ትታሰራለህ። ስሙ «የመከባበር ትእዛዝ»።

ግሩም ሐሳብ ነው ብያለሁ። ፖሊስ ከጠየቃችሁ፣ ከልቤ ነው።